የዓወት ድምፅ

አላምረውን ቆቦ ውስጥ በመልኩ የሚያውቀው ጥቂት ነው፤ በድምፁ ግን የማያውቀው የለም። ባጃጅ ተሳፍሮ «ወራጅ አለ» ሲል ሾፌሩ ዘወር ይልና «አባባ፣ የት ነው የማውቅዎት?» ይለዋል። የት ይወቀው! በሬዲዮ ነዋ። ያን በድንበር ጠብ ወንድሙን የገደለ ገበሬ፣ ያን ጉቦ በልቶ ችሎት ላይ የሚያንቀላፋ ዳኛ፣ ያን ሰክሮ በየበሩ የሚያለቅስ ጡረተኛ ወታደር፣ ሁሉንም የሠራው ይኸው የፊት ጥርሱ የወለቀ፣ የሸሚዙ እጅጌ የተበላ ሰውዬ ነው። ብትነግሯቸው አያምኑም። «እሱ? ሂድ እንግዲህ!» ነው የሚሏችሁ።

የሮቢት ልጅ ነው። ገና በልጅነቱ አስፋልቱ ዳር ቆሞ የአውቶቡስ ረዳት እየመሰለ «ወልድያ! ደሴ!» ሲጣራ፣ ተሳፋሪው ዕቃውን አንጠልጥሎ ይሮጥ ነበር። አውቶቡስ የለም። በዚያ ምክንያት ስንት ኩርኩም ቀምሷል! ከዚያ የቀበሌ ኪነት ገባ፣ ከኪነት ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ። መድረክ ላይ ዘበኛ ሆነ፣ መልእክተኛ ሆነ፣ ዓይነ ስውር ለማኝ ሆነ። አንድም ቀን ዋናውን ሰው ሆኖ አያውቅም። አዘጋጆቹ «አላምረው፣ ያንተ ፊት የሁሉም ሰው ፊት ነው» ይሉታል፤ እሱ የዋሁ እንደ ምርቃት ይቀበለዋል። ሬዲዮ ሲገባ ነው ሰው የሆነው። በአንድ ድራማ ዳኛም፣ ተከሳሽም፣ ምስክርም ሆኖ ከራሱ ጋር ሲከራከር የዋለበት ቀን ነበር፤ አድማጭ አልነቃም። በኋላ የውጭ ተከታታይ ፊልሞች ወደ አማርኛ መመለስ ሲጀምሩ ደግሞ የክፉ አጎቶች ሁሉ ድምፅ እሱ ሆነ።

ከሁሉ ከሁሉ ግን የሚታወቀው በሞት ነው። እንደሱ የሚሞት አልነበረም። ተሰቅሎ ሞቷል፣ ተመርዞ ሞቷል፣ በረሃብ ሞቷል። አንዴ ውኃ ውስጥ ሰምጦ የሚሞት ሰው ሲሠራ ሳፋ ሙሉ ውኃ አስመጥቶ፣ ፊቱን ነክሮ፣ እየተንፈራፈረ እናቱን ሲጣራ፣ ቀረጻውን የምትከታተለዋ ልጅ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አውልቃ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ባልደረቦቹ «ሟቹ» ብለው ስም አወጡለት። «ሟቹ፣ ምሳ በላህ?» ይሉታል። ይስቃል። ምን ያድርግ።

ወደ ቆቦ የመጣው ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ላይ ድምፃቸው ያልሻከረ፣ በትንሽ ክፍያ የሚሠሩ ልጆች መጡና እሱን የሚጠራው ጠፋ። ሚስት አግብቶ ፈትቷል፣ ልጅ የለውም። በድራማ የስንቱ አባት የነበረ ሰውዬ «አባዬ» የሚለው አንድ ነፍስ ሳያፈራ፣ አንድ ሻንጣ ይዞ መጣና የእህል ነጋዴው የግርማይ ግቢ ውስጥ በሩ ላይ ያለችውን ክፍል ተከራየ። የግርማይ ወገኖች ከአላማጣ ወዲያ ናቸው፤ እሱ ግን ቆቦ ተወልዶ ቆቦ ያረጀ፣ አማርኛው መሀል ትግርኛ ጣል የሚያደርግ፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። ሚስቱ ገነት የሱንም ድርሻ ጨምራ ታወራለች። ሁለት ልጆች ነበሯቸው፤ ትልቋ ኤደን፣ የመጨረሻው ዓወት። ገነት ዓወትን ስትጠራ ድምፅዋ እንኳ ይለሰልሳል።

ይኸ ልጅ ከአላምረው ክፍል አይጠፋም ነበር። ሁለቱ ድምፅ ይለዋወጣሉ፣ አንዱ ሌላውን ይመስላል። ገነት ከጓዳ «ዓወት!» ብላ ስትጣራ አላምረው ከክፍሉ ሆኖ በልጁ ድምፅ «ወዬ እማ!» ይላል። «ና ይኸን አንሳልኝ» ስትል ያ ጥርሰ ወላቃ ራሱ በሩ ላይ ብቅ ይላል። «ኧረ በስመ አብ! አንተ ሰውዬ፣ ልጄን ሰረቅኸኝ እኮ!» እያለች በማማሰያ ታባርረዋለች፤ ግቢው በሙሉ ይስቃል። የቤቱ ጨዋታ ይኸ ነበር።

ዓወት እንደ እኩዮቹ ሄደ። ትምህርቱ በጦርነቱ ተቋርጦ ቀረ፣ ሥራ የለ፤ ጓደኞቹ በአፋር በረሃ እየወጡ፣ ባሕሩን እየተሻገሩ ሳዑዲ ይገባሉ። አንድ ጠዋት ከሰፈሩ ልጅ ከታሂር ጋር ወጣ። ባሕሩ ጫፍ ደርሶ አንድ ጊዜ ደወለ። «እማ፣ ልንሻገር ነው፣ ጸልዪልኝ» አለ። ከዚያ ወዲያ ዝም።

ቀጥሎ የደወለው ታሂር ነው፤ ከባሕሩ ማዶ፣ ለግርማይ። ጀልባዋ መሀል ላይ ተገልብጣለች። «አባባ ግርማይ፣ በዓይኔ አይቻለሁ። እጁን ይዤው ነበር፣ አመለጠኝ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብሎ ልጁ ስልኩ ላይ ተንሰቀሰቀ። ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ።

ጊዜውን ደግሞ ተመልከቱ። ገነት የዓይን ሞራ ይዟት፣ ዓለም ጉም ሆኖባት ከርማ፣ ገና በዚያው ሰሞን ነው ደሴ ወስደው አንዱን ዓይኗን አስገፍፈው የመለሷት። ፋሻ ታስሮላታል። ሐኪሙ ኤደንን አስጠንቅቋታል፤ እንዳታጎነብስ፣ ጭስ እንዳይነካት፣ እንዳታሸው፣ ለቅሶ ደግሞ በጭራሽ።

ግርማይ የአላምረውን በር ሳያንኳኳ ገባና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ልጄ ሞተ» አለ በሹክሹክታ።

አላምረው ክው አለ። ሊጮህ አፉን ሲከፍት ግርማይ በመዳፉ ያዘው።

«ትሰማለች። ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ትሰማለች።»

እኛ አገር መርዶ ማቆየት ነውር አይደለም። የታመመ ካለ፣ ነፍሰ ጡር ካለች፣ ሰርግ የደረሰበት ካለ፣ መርዶ ይቆያል። ሰው ተቀብሮም ይቆያል። ዘመድ እንባውን ውጦ፣ ከባለሐዘኗ ጋር ስቆ አውርቶ፣ ደጅ ወጥቶ ያለቅሳል። እዚህ ድረስ ሁላችንም ያደረግነው ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ማንም አድርጎት አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገነት ልጇ ስላልደወለ ማልቀስ ጀመረች። «ምን ሆኖብኝ ነው? ምነው ድምፁ ጠፋ?» እያለች ሌሊቱን ስትገላበጥ ታድራለች። ኤደን በጠዋት ወደ አላምረው ክፍል መጣች፤ እንባዋን ውጣ ውጣ ፊቷ አብጧል። አባቷም ተከትሏት ገባ።

«ጋሼ፣ ፋሻው ረጥቧል» አለች። «አንተ ብትደውልላት… በሱ ድምፅ። አንድ ጊዜ ብቻ።»

«አብዳችኋል እንዴ? የሞተ ልጅ ሆኜ? እግዚአብሔር የለም?»

ግርማይ መሬት መሬቱን ያያል። «ስንት ጊዜ ሞተህ የለም?» አለው። «አንድ ጊዜ ደግሞ እንዳልሞተ ሁንልኝ።»

አንጀቱን በሉት። ኤደን የአላምረውን ቁጥር ስልኳ ላይ «ዓወት» ብላ መዘገበችው። እሱ ደግሞ ልጁ ከመሄዱ በፊት ለእህቱ የላከላትን የድምፅ መልእክቶች ተቀብሎ በሩን ዘጋና ሲያዳምጥ ዋለ። ዓወት ከመሳቁ በፊት በአፍንጫው ትንሽ ይተነፍሳል። «እማ» ሲል «ማ»ዋን ይጎትታታል። ትግርኛው የሚመጣው ሲናደድ ነው። አላምረው እነዚህን ሁሉ ያውቃቸው ነበር፤ ግን ሥራ ነውና እንደገና አጠናቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባዶ ጀሪካን ይዞ ከከተማው ወጣ፤ ወደ ዞብል በሚወስደው በኩል ማሽላው ውስጥ ገባ። ጀሪካኑ ለድምፅ ነው። ስልኩን ከአፉ ጋር አድርጎ ወደ ጀሪካኑ አፍ ሲናገር ድምፁ ከሩቅ አገር የመጣ ይመስላል፤ የድሮ የስቱዲዮ ዘዴ ነው። ምላሱን ወደ ላይ ሰቀለ፣ ጉሮሮውን አጠበበ፣ አርባ ዓመት ከላዩ ላይ አራገፈ።

«እማ።»

«ዓወት! ዓወትዬ! ልጄ! ተሻገርክ?»

«ተሻገርኩ እማ። ፍየል ነው የምጠብቅ፣ በረሃ ነው፣ ኔትወርክ የለም። እሑድ እሑድ ነው የምደውል።»

«ዓይኔን እኮ ተገፈፍኩ! ነግረውሃል?»

«ነግረውኛል። እንዳታለቅሺ እሺ? ዓይንሽ ይዳን፣ ከዚያ ታይኛለሽ።»

«እሺ ልጄ፣ እሺ፣ አላለቅስም። በልተሃል?»

አላምረው ለዚህ አልተዘጋጀም። በልተሃል ወይ ብሎ የጠየቀው ሰው ከጠፋ ስንት ዘመኑ ነው! ጀሪካኑን በጉልበቱ መሀል ጨመቀው።

«ዓወት? በልተሃል ወይ?»

«በልቻለሁ እማ» አለ። ከትናንት ወዲህ እህል አልቀመሰም።

ወደ ግቢው ሲመለስ ገነት ደጅ ወጥታ፣ በፋሻዋ ላይ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ተቀምጣለች። የእግሩን ኮቴ ለየችው።

«ጋሽ አላምረው! ዓወት ደወለ እኮ!»

«እሰይ! ኧረ እሰይ! ምን አለ?»

«ፍየል ነው የምጠብቅ አለኝ። አንተ ቤት ተኮልኩሎ ሲስቅ የኖረ ልጅ፣ ፍየል! ድምፁ ከሳ አለብኝ። ግን በልቻለሁ ብሎኛል።» ከዚያ ኤደንን ጠርታ «ለጋሽ አላምረው ምሳ አቅርቢለት፣ የምሥራች ነው» አለቻት። አላምረው በላ።

አንድ ጊዜ ብቻ የተባለው ነገር በየእሑዱ ሆነ። የደሴ ሐኪሞች አንደኛው ዓይን ሲድን ሁለተኛውም ይገፈፋል አሉ፤ ስለዚህ «ሁለተኛው እስኪድን» ተባለ። ገነት እሑድን እየጠበቀች አገገመች። ቀለሟ ተመለሰ። ለልጁ የምትነግረው ወሬ ሳምንቱን ሙሉ ታጠራቅማለች፤ የሽንኩርት ዋጋ፣ የጎረቤት ጠብ፣ የአባቱ ማንኮራፋት። አላምረውም፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እሑድ እስኪመጣ መቸኮል ጀመረ። ዕድሜ ልኩን የሰው ሕይወት ሲዋስ የኖረ ሰው ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ደግ ሕይወት ተዋሰ። «ልጄ» ሲባል ሆዱ ይሞቀዋል። ጀሪካኑን ይዞ ሲወጣ ፊቱን ታጥቦ ነው፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ። ማን ሊያየው! በዚህ በራሱ ያፍር ነበር፤ ግን መታጠቡን አልተወም።

አርባው እሑድ ዋለ። ግርማይ ለሚስቱ «ዋጃ ጤፍ ልገዛ ነው» ብሎ ወጣ፤ አላምረው አብሮት ሄደ። ዋጃ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ እዚያ ከማያውቋቸው ሰዎች መሀል፣ ለዓወት ፍትሐት ተደረገ። ዳቦ ተቆረሰ፣ ጠላ ተቀዳ። አባትየው የገዛ ልጁን ተዝካር በሰው አገር እንደ ሌባ ተደብቆ በላ። ሲጨርሱ ግርማይ አላምረውን እጅጌውን ይዞ ወደ አጥሩ ጀርባ ወሰደው።

«ደውልላት» አለው።

«ዛሬ? ግርማይ፣ ዛሬ እንኳን ይቅርብኝ። አርባው እኮ ነው።»

«ካልደወልክ ትጠረጥራለች። ለዓይኗ ስትል።»

ደወለ፤ ያለ ጀሪካን፣ በነጠላው ሸፍኖ። ገነት በዚያ ቀን ደስ ብሏታል። ፋሻው ተነሥቶላት ኤደንን በር ላይ ቆማ ማየት ችላለች። ወዲያ ወዲህ ካወሩ በኋላ ምን ብትለው ጥሩ ነው?

«ዓወትዬ፣ እስቲ ያን ተከራያችንን ምሰልልኝ። ጋሽ አላምረውን። ከሄድክ ወዲህ ሳቅ ናፈቀኝ።»

አምላኬ ሆይ! ያ ሁሉ ዘመን፣ ያ ሁሉ መድረክ፣ እንዲህ ያለ ነገር ማንም ጠይቆት አያውቅም። የሞተውን ልጅ ሆኖ ራሱን እንዲመስል! የተዝካሩ ዳቦ ገና ጥርሱ መሀል አለ። ግርማይ ፊት ለፊቱ ቆሞ ያየዋል። አላምረው ዓይኑን ጨፈነ፤ ዓወት እሱን ሲመስል እንደሚያደርገው አደረገ፤ ልጁ የሽማግሌውን ድምፅ አወፍራለሁ ሲል እንደሚሰበርበት፣ እንደዚያው ሰበረው። «ወይዘሮ ገነት፣ ቤት ኪራዩን ለሚቀጥለው ሳምንት ያርጉልኝ» አለ። ገነት ሳቀች። ተንከትክታ ሳቀች፤ «በቃ፣ በቃ፣ ዓይኔን ታጠፋዋለህ!» እስክትል ድረስ። ግርማይ የሳቋን ድምፅ ከስልኩ ሲሰማ ዞሮ አጥሩን ተደግፎ አለቀሰ። አላምረው በሕይወቱ ከሠራው ሁሉ የተዋጣለት ይኸ ነው። በእግዚአብሔር ፊት የሚጠየቅበትም ይኸው ይመስለዋል።

ሁለተኛው ዓይን ተገፈፈ፣ እሱም ዳነ። ግርማይ «አሁን እናርዳት» አለ። እዚህ ላይ አላምረው ያለውን ስሙ፤ «ትንሽ ትቆይ፣ ገና ናት» አለ። ሐኪሙ እንኳ ያላለውን። ግርማይ ቀና ብሎ አየው።

ነገሩን የቆረጠችው ራሷ ገነት ናት። በሚቀጥለው እሑድ «ዓይንሽ ይዳን፣ ከዚያ ታይኛለሽ ብለኸኝ የለም? ድኗል። የሰው ልጅ ሁሉ በስልክ ፊቱን ያሳያል። በቪዲዮ ደውልልኝ» አለችው። አላምረው ኔትወርክ የለም አለ፣ ስልኩ አሮጌ ነው አለ። «ፎቶ ላክ እንግዲህ» አለች። ፎቶ! ሰውዬው ድምፅ እንጂ ፊት የት አለው። «እማ እየተቋረጠ ነው» ብሎ ዘጋና ማሽላው መሀል ቁጭ አለ። በዚያው ምሽት ግርማይ የእድሩን ዳኛ ጋሽ ሙሉጌታን አናገረ።

ሰው ገና ጎሕ ሳይቀድ በሩ ላይ ተሰበሰበ፣ ወንዱም ሴቱም ነጠላውን አዘቅዝቆ። አላምረው ግቢው ውስጥ የሚኖር ቢሆንም ወጥቶ ከደጅ ሰዎች ጋር ቆመ። ስልኩን ለማጥፋት አስቦ ነበር፤ ረሳው ልበል? እንጃ። ኤደን በሩን ከፈተች፣ ገቡ። ገነት ከመኝታዋ ተነሥታ፣ ፀጉሯን በሻሽ እያሰረች ብቅ አለች። በዳኑት ዓይኖቿ አንድ በአንድ አየቻቸው።

ጋሽ ሙሉጌታ ጉሮሮውን ጠረገ። «ገነት፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ዓወት ከሄደ በኋላ አልተሻገረም። ባሕሩ ላይ ቀርቷል። ለዓይንሽ ስንል ነው የደበቅንሽ።»

ሴቶቹ ዋይታ ሲጀምሩ ገነት እጇን አነሣች።

«ዝም በሉ! በልጄ ላይ አታሟርቱበት!» አለች። «እናንተ ጤና የላችሁም? እሑድ አናግሬዋለሁ። ሳምንት ሳምንት አናግሬዋለሁ። ባሕር የበላው ሰው ይደውላል?»

«እማ…» አለች ኤደን።

«አንቺ ደግሞ! ስልኩን የምታቀብይኝ አንቺ አይደለሽም? ግርማይ፣ ምን ታቀረቅራለህ? ልጄን ምን አድርጎብህ ነው የምትቀብርብኝ?» ሳቀች፤ የምር ሳቀች። «ግቡ፣ ቁጭ በሉ፣ ቁርስ ብሉ። ማን እንዳሳሳታችሁ አላውቅም።»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። የቆቦ ሽማግሌ ስንት መርዶ ነግሯል፤ የሚወድቅ ያውቃል፣ ደረት የሚመታ ያውቃል፣ መርዶውን የሚመልስ ግን አይቶ አያውቅም። ጋሽ ሙሉጌታ ነጠላውን ያስተካክላል፣ ደግሞ ያስተካክላል። ገነት የኤደንን ስልክ ከእጇ ነጠቀች።

«ዓይኔ በርቷል፣ እናንተ ናችሁ የታወራችሁ። ይኸው፣ ዓወት ይላል። እኔው ልደውልለት፣ ከራሱ አፍ ስሙት።»

ተጫነችው።

አላምረው ኪስ ውስጥ ስልኩ ጮኸ።

ሰው ሁሉ ዞረ። አውራ ጣቱ ቁልፉ ላይ ነው። አንዴ ቢጫነው ዝም ይላል፤ ሴትዮዋ «በረሃ ነው፣ ኔትወርክ የለም» ትላለች፣ ሰው ተበትኖ ይሄዳል፣ እሑድ ይመጣል። እሱም ይፈልገዋል፤ እግዜር ያውቃል ይፈልገዋል። ስልኩ ይጮኻል። ገነት የነጠቀችውን ስልክ በጆሮዋ እንደያዘች ድምፁ ወደሚመጣበት አየች፤ ሽማግሌዎቹን፣ ነጠላዎቹን፣ ከዚያ እሱን። ሁለቱም ዓይኖቿ ጥርት ብለዋል። ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ሲያነሣ በደንብ አየችው።

ምላሱን ወደ ላይ ሰቀለ። «እማ» አለ።

በስልኩም ሰማችው፣ ከፊት ለፊቷም ሰማችው። ልጇ ከዚያ ከወለቀ ጥርስ መሀል ሲወጣ አየች።

ስልኩ ከእጇ ወደቀ። አልጮኸችም። በሰዉ መሀል አልፋ መጣችና መዳፏን አፉ ላይ አደረገች፤ ቀስ አድርጋ፣ የሚተኛ ልጅ አፍ እንደምትሸፍን።

«በቃ» አለችው። «በቃ፣ ዝም በል።»

ከዚያ ነው የጮኸችው። ያን ጩኸት የሰማ አልረሳውም። አላምረው ብዙ ዓይነት የእናት ለቅሶ በማይክሮፎን አልቅሶ ያውቃል፤ እንዲህ ያለውን ግን አንድም ቀን አልቅሶ አያውቅም።

ለቅሶው ላይ በሦስተኛው ቀን እግሯ ሥር ሄዶ ተቀመጠ። ሰው ሁሉ ፊቱን አዙሮበታል። ያዘዙት እንኳ አላዩትም፤ ግርማይ ልብሱን እያስተካከለ ወጣ። ገነት ግን አናገረችው።

«ያ ያሳቅኸኝ እሑድ… ግርማይ ጤፍ ልገዛ ብሎ የሄደ ዕለት። አርባው ነበር ወይ?»

«አዎ» አለ።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዓይኗስ ካላችሁኝ፣ ደህና ነው። ሁሉን ታያለች።

አላምረው ሻንጣውን ይዞ ሮቢት ሄደ፤ የተወለደበት ሰፈር ክፍል ተከራየ። ወሬው ግን ቀድሞት ደርሷል። ልጇ ዓረብ አገር ያለባት እናት ሁሉ አሁን ስልክ ስታነሣ «የታላቅ እህትህ ስም ማነው?» ብላ ትጠይቃለች አሉ። ገበያ ላይ ሲያልፍ ሴቶች ልጆቻቸው ጆሮ ላይ እጃቸውን ያደርጋሉ። ከአዲስ አበባ አንድ ቀን የድሮ ባልደረባው ደወለለት። «ሟቹ! አንድ ሥራ አለ፣ ላንተ የተሰፋ፣ ልጁ የሰመጠበት አባት ነው» አለው። «ሟቹ የለም፣ ተሳስተሃል» ብሎ ዘጋበት። በራሱ ድምፅ ነበር የተናገረው፤ ባልደረባው አላወቀውም፣ ይቅርታ ጠይቆ ቁጥሩን አጠፋ።

ከዚያ አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ስልኩ ጮኸ። የኤደን ቁጥር ነው። አነሣው። የሚናገር የለም፤ የሰው ትንፋሽ ብቻ። ከኋላ እሱ አሳምሮ የሚያውቀው የግርማይ ግቢ በር ሲንቋረር ይሰማል። እሱም አልተናገረም። ጥቂት ቆይቶ ተዘጋ። በሚቀጥለው እሑድም እንደዚያው፤ ከዚያ በኋላም። እሱ አሁንም ፊቱን ታጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፣ ሲጮኽ ያነሣል፣ ትንፋሽዋን ያዳምጣል። እንዲህ ከርመው ነው አንድ እሑድ ድምፅ የሰማው።

«ዓወት» አለች።

ልክ ከጓዳ ሆና እንደምትጣራው፣ ለስለስ አድርጋ። የአላምረው ምላስ ሳያዘው ተነሣ። ጉሮሮው ጠበበ። «ወዬ እማ» ጥርሱ ድረስ መጥቶ ቆመ። በግራ እጁ አፉን ያዘ፣ ከንፈሩ እስኪያመው ጨመቀው፣ እንባው በጣቶቹ መሀል ወረደ።

ጠበቀች። ረጅም ጊዜ ጠበቀች።

«እሺ» አለች ገነት፣ ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ደውላ አታውቅም።